ያገለገለ ፒያኖ መርጦ መግዛትና በአግባቡ ማኖር

ለገጣፎ ወይም ሱሉልታ አካባቢ የሚኖርና ያገለገለ ፒያኖ ለመግዛት ያሰበ ሰው፣ ከቀለሙና ከፋብሪካው ስም በፊት ውስጡን ሊመረምር ይገባል። ክዳኑን ከፍተው በባትሪ ሲመለከቱ፣ 230 ገደማ የሚሆኑት የብረት ክሮች የተጠመጠሙባቸው መቃኛዎች ላልተው ወይም የተተከሉበት እንጨት ተሰንጥቆ ካገኙት፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ይተዉት፤ እንዲህ ያለ ፒያኖ ቅኝት አይዝም። ከዚያ 88ቱንም ቁልፎች አንድ በአንድ ቀስ ብለው ይጫኑ። ተጭኖ የማይመለስ ቁልፍ ብዙውን ጊዜ በእርጥበት ያበጠ ስለሆነ ይጠገናል፤ ክሮቹን የሚመቱት መዶሻዎች የለበሱት ሱፍ በብል ከተበላ ግን ብዙ ያስወጣል።

ፒያኖውን ፀሐይ ከሚገባበት መስኮትና ክረምት ከሚያረጥበው የውጭ ግድግዳ አርቀው ያስቀምጡት። የክፍሉ እርጥበት ከ40 እስከ 60 በመቶ ቢሆን ይመረጣል፤ የክሮቹን ድምፅ የሚያጎላው ሰፊ እንጨት፣ ማለትም የድምፅ ሰሌዳው፣ በሐምሌ አብጦ በጥር ስለሚኮማተር፣ ቅኝቱም አብሮት ከፍና ዝቅ ይላል። ቃኚ የሚጠራውም ፒያኖው በመጣ ማግስት ሳይሆን፣ ክፍሉን ከለመደ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ከመካከለኛው ዶ በላይ ያለው ላ በ440 ኸርዝ እንዲቃኝ ይጠይቁ፤ ለዓመታት ሳይቃኝ የቆየ ከሆነ ግን አሮጌ ክር እንዳይበጠስ ቅኝቱን ቀስ በቀስ፣ ቢያንስ በሁለት ዙር ከፍ ማድረጉ ይሻላል።