የመስተንግዶ እንግሊዝኛን ለሆቴል ሠልጣኞች ስናስተምር

ከደሴ ወይም ከኮምቦልቻ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ተመርቆ ላሊበላ ሆቴል ውስጥ ሥራ የሚጀምር ወጣት ብዙ ጊዜ የሚቸገረው ቃላት አንሰውት ሳይሆን አክብሮቱን በእንግሊዝኛ የት እንደሚያኖረው ስለማያውቅ ነው። በአማርኛ አክብሮቱ ያለው ግሡ ውስጥ በመሆኑ «ይቀመጡ» ካልን ሌላ ጭማሪ አያስፈልገንም፤ ይኸው ቃል «ሲት ዳውን» ተብሎ ሲመለስ ግን እንግዳው የታዘዘ ይመስለዋል። ስለዚህ መምህሩ «ይቀመጡ»፣ «ይጠብቁ»፣ «እዚህ ላይ ይፈርሙ» የሚሉትን የዘወትር ንግግሮች በሰሌዳ ላይ ጽፎ፣ ሠልጣኞቹ እያንዳንዱን «ዉድ ዩ ላይክ ቱ» ወይም «ኩድ ዩ ፕሊዝ» ከሚለው መነሻ ጋር እያገናኙ ደጋግመው እንዲናገሩት ያድርግ። የሰዋስው ማብራሪያው ከዚህ በኋላ ቢመጣ አይዘገይም።

በእኔ ግምት ከሁሉ የበለጠ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው የሰዓት ጉዳይ ነው። የእኛ አቆጣጠር ከእንግዳው በ6 ሰዓት ስለሚለያይ፣ «ዌክ ሚ አፕ አት ፋይቭ» ያለ እንግዳ የፈለገው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ እንዲቀሰቀስ ነው። ለተግባር ልምምድ የላክሁት አንድ ሠልጣኝ በመዝገቡ ላይ «5 ሰዓት» ብቻ ጽፎ በመሄዱ፣ ተረካቢው ረፋድ 5 ሰዓት መስሎት እንግዳው አውሮፕላን አምልጦታል። ከዚያ ወዲህ የልምምድ መዝገባችን «በእኛ» እና «በእንግዳው» የሚሉ ሁለት ዓምዶች አሉት፤ ሠልጣኙም የሰማውን ሰዓት «ፋይቭ ኢን ዘ ሞርኒንግ» ብሎ ለእንግዳው መልሶ ሳያረጋግጥ ብዕሩን አያነሳም። ቀንም እንዲሁ ነው፤ ላሊበላ በእንግዳ በምትጨናነቅበት የገና ሰሞን «ጃንዋሪ ሰቨን» ተብሎ የተያዘ ክፍል በእኛ አብዛኛውን ዓመት ታኅሣሥ 29 ላይ እንደሚውል ሠልጣኙ ሳያመነታ ማስላት አለበት።

የምግብ ዝርዝርን በተመለከተ «ፋስቲንግ ፉድ» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ እንግዳው ጾም ሲባል የሚገባው ምንም ሳይበሉ መዋል ነውና። ሠልጣኙ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል እንደሌለበት በአጭር ዓረፍተ ነገር ይናገር። ስንዴ የማይስማማው እንግዳ ስለ እንጀራ ሲጠይቅ ደግሞ ነገሩ ጥንቃቄ ይሻል፤ ጤፍ ግሉተን (በስንዴና በገብስ ውስጥ የሚገኘው ፕሮቲን) ባይኖረውም ሊጡ ገብስ ወይም ስንዴ ተቀላቅሎበት ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ከግምት ይልቅ «ሌት ሚ ቼክ ዊዝ ዘ ኪችን» የሚለው መልስ ይመረጣል። የሐላል ጥያቄ ለወሎ ልጅ አዲስ ስላልሆነ፣ ሁለት ዓረፍተ ነገር ካስያዝነው ራሱ ያብራራዋል።

ለልምምዱ እውነተኛ ቁልፍ፣ መዝገብና የምግብ ዝርዝር ክፍል ውስጥ ይግቡ። አንዱ ሠልጣኝ እንግዳ፣ ሌላው እንግዳ ተቀባይ ይሁኑ፤ ሙቅ ውሃ በመጥፋቱ የተቆጣውን እንግዳ ግን መምህሩ ራሱ ቢሆን ይመረጣል፤ ልጆቹ እርስ በርስ መቆጣት ያፍራሉ። የስልኩ ልምምድ ሲደርስ ሁለቱን ጀርባ ለጀርባ ያስቀምጧቸው። ያን ጊዜ «ሰርቲን» እና «ሰርቲ» የሚሉት የክፍል ቁጥሮች እንዴት እንደሚምታቱ ሁሉም ይሰማዋል፤ ትንፋሽን ወደ ውስጥ ስበን «አዎ» የምንልባት ድምፅም ለውጭ ሰው ድንጋጤ እንደምትመስል ግልጽ ይሆናል። በእርሷ ምትክ «የስ፣ ሰርተንሊ» እስኪለመድ ድረስ ልምምዱ ይደጋገም።