እንጦጦን ስትወጡ ፔዳሉ ከከበዳችሁ
የኮርስ ብስክሌታችሁ ቀላሉ ማርሽ ላይ ሆኖም ዳገቱ ጉልበታችሁን የሚያማችሁ ከሆነ የኋላውን ካሴት፣ ማለትም ኋላ ጎማ ላይ ያሉትን የማርሾች ስብስብ፣ ብቻ ቀይሩ። መጀመሪያ የካሴቱን ትልቁን ማርሽ ጥርሶች ቁጠሩ፤ አንዱን ጥርስ በጠመኔ ምልክት አድርጉበት፣ አለበለዚያ ቆጠራው ይጠፋባችኋል። 25 ከሆነ 32 ያለውን ፈልጉ። ፊት፣ ፔዳሉ ጋ ያለው ማርሽ 34 ጥርስ ካለው፣ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማው 1.36 ጊዜ ይዞር የነበረው ወደ 1.06 ይወርዳል። ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ እግራችሁ ግን ሳይታገል ይዞራል። በእውነት ሌላ ብስክሌት ነው የሚመስላችሁ!

ከመግዛታችሁ በፊት ግን ሰንሰለት ቀያሪውን፣ ማለትም ኋላ ሰንሰለቱን ከአንዱ ማርሽ ወደ ሌላው የሚያዛውረውን፣ እዩት፤ ክንዱ አጭር ከሆነ ብዙውን ጊዜ ከ28 ጥርስ በላይ አይችልም። ከገጠማችሁ በኋላም ሰንሰለቱን ፊትም ኋላም ትልቁ ላይ አድርጋችሁ በእጅ ቀስ ብላችሁ አዙሩት። ከተወጠረ አጥሯልና ሳትቀይሩት እንዳትነዱ።