ሃርቫርድ ምናምን ከማመልከታችሁ በፊት ዕድላችሁን እንዲህ አስሉት

አክሰፕታንስ ሬት የሚባለውን ቁጥር፣ ማለትም ካመለከቱት ስንት ፐርሰንቱን እንደሚቀበሉ፣ መጀመሪያ ተዉት። ከኢትዮጵያ ሆኖ አሜሪካ ኮሌጅ ሙሉ ወጪው እንዲሸፈንለት ለሚያመለክት ልጅ ያ ቁጥር ስለሱ አይደለም የሚያወራው። ኤምአይቲን እንይ፣ በጠቅላላው ካመለከቱት 100 ልጆች 4 ወይ 5 ቢቀበል ነው፣ ከውጭ አገር አመልካቾች ግን ወደ 2 አካባቢ ይወርዳል፣ እሱም የቤተሰብን አቅም አይቶ የማይጥል ትምህርት ቤት ሆኖ ነው። ስለዚህ "ኮርኔል 8 ፐርሰንት አካባቢ ይቀበላል፣ እሱ ይሻለኛል" እያላችሁ ሊስት አትስሩ።

ዋናው ነገር እናንተን ከነማን ጋር ነው የሚያወዳድሯችሁ የሚለው ነው። ሜሪላንድ ያለችው አክስታችሁ "የኔ ልጅ እኮ ባነሰ ነጥብ ነው የገባችው" ስትል እውነቷን ነው፣ ግን ልጅቷ ዜጋ ናት ወይ ግሪን ካርድ አላት፣ የፌደራል መንግስት እርዳታ ታገኛለች፣ የስቴቷ ዩኒቨርሲቲም በነዋሪ ዋጋ ያስተምራታል፣ የናንተ ፋይል ከሷ ጋር አይደለም የሚታየው። ብዙ ሰው የሚያወራለት ኩዌስትብሪጅ የሚባለው የስኮላርሺፕ ፕሮግራምም ቢሆን ለዜጎች፣ ለግሪን ካርድ ባለቤቶችና እዛው አሜሪካ ሃይስኩል ለሚማሩ ነው።

ከዛ ኮሌጆቹን ለሁለት ክፈሏቸው። ኒድ ብላይንድ የሚባሉት ገንዘብ የለኝም ብላችሁ ስለጠየቃችሁ ዕድላችሁን አይቀንሱም። ለውጭ ተማሪም እንዲህ የሚያደርጉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፣ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲ፣ አምኸርስት፣ ዳርትመዝ፣ ቦውደን፣ በቅርቡ ደግሞ ብራውን፣ ኖተርዳም እና ዋሽንግተን ኤንድ ሊ ተጨምረዋል። ሌሎቹ፣ ስታንፎርድና ኮሎምቢያም ጭምር፣ ለውጭ ተማሪ ኒድ አዌር ናቸው፣ ማለትም እናንተን ለማስገባት የሚወጣው ብር ውሳኔው ውስጥ ይገባል። እዚህ ጋ "ኤይድ (የገንዘብ እርዳታ) አልፈልግም በልና ግባ፣ በኋላ ትጠይቃለህ" የሚል ምክር ይሰጣችኋል፣ በፍጹም እንዳትሰሙት። ስታንፎርድን ጨምሮ ብዙዎቹ ሲያመለክት ያልጠየቀ የውጭ ተማሪ በኋላም አያገኝም የሚል ህግ አላቸው፣ ገብቶ መክፈል አቅቶት የቀረ ልጅ ደግሞ በጣም ያሳዝናል።

አሁን ወደ ስሌቱ። ጎግል ላይ የኮሌጁን ስምና ኮመን ዳታ ሴት ብላችሁ ፈልጉ፣ አብዛኛው ኮሌጅ በየዓመቱ የሚያወጣው ፒዲኤፍ ነው፣ ረጅም ነው ግን ለናንተ የሚያስፈልገው ሶስት ቦታ ብቻ ነው። መጀመሪያ ኤች 6 ላይ ሂዱ። ስንት የውጭ ተማሪ ኤይድ እንዳገኘ እና በአማካይ ስንት ዶላር እንደተሰጠው እዛ ይገኛል። ለምሳሌ 240 ተማሪ በአማካይ 82,000 ዶላር ቢል፣ ይሄ አራቱም ባች ተደምሮ ስለሆነ ለ4 ስታካፍሉት በዓመት 60 ሰው ነው፣ ከመላው ዓለም! የህንድ፣ የቻይና፣ የጋና፣ የኔፓል፣ የኬንያ ልጆች ሁሉ ለዛች 60 ነው የሚጋፉት። ግን ጠቅላላ ወጪው 88,000 ከሆነ ቢያንስ የገባው ልጅ ይማራል። ሌላው ኮሌጅ ደግሞ 300 ተማሪ በአማካይ 22,000 ቢል ብዙ የሚሰጥ ይመስላል፣ ቀሪውን 60 ምናምን ሺህ ዶላር ማን ይከፍላል? ይሄ ዲስካውንት ነው፣ አባታችሁ የመንግስት ሰራተኛ ከሆነ ከሊስታችሁ አውጡት፣ ዩኒቨርሲቲው የፈለገ ስም ቢኖረው።

ሁለተኛው ሲ 9 ነው፣ የገቡት ልጆች ኤስኤቲ (የአሜሪካ ኮሌጆች መግቢያ ፈተና) 25ኛና 75ኛ ፐርሰንታይል ላይ ስንት እንደሆነ ያሳያል፣ ማለትም ሩቡ ልጅ ከታችኛው ቁጥር በታች፣ ሩቡ ደግሞ ከላይኛው በላይ ነው ያመጣው። ኤይድ ፈላጊ የውጭ ተማሪ ራሱን ከላይኛው ቁጥር ጋር ነው ማስተያየት ያለበት ባይ ነኝ። ኤስኤቲ በፍላጎት የሚላክበት ኮሌጅ ከሆነ ደግሞ ጥሩ ያመጣው ብቻ ስለሚልክ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ነው የሚታየው፣ ያንንም አስቡት። ሲ 7 ለየትኛው ነገር ክብደት እንደሚሰጡ ይነግራችኋል፣ እሱን አየት አድርጋችሁ እለፉ።

ትራንስክሪፕት ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ልጅ የሚሸወደው እዚህ ነው። 97 አማካይ ለብቻው ብዙ አያወራም፣ ክፍሉ ውስጥ 15 ልጅ 97 ካለው ማለቴ ነው። በ2014 ዓ.ም ማትሪክ ከተፈተኑት 50 ፐርሰንትና በላይ ያመጡት 3.3 ፐርሰንት ብቻ ነበሩ፣ በትምህርት ቤት ውጤትና በፈተናው መሃል ያለው ልዩነት ይሄን ያህል ነው። ስለዚህ የሚያነበው ሰው የሚፈልገው ደረጃችሁን ነው፣ ከ180 ተማሪ 2ኛ ናት የሚል ዓረፍተ ነገር ከ97ቱ ይበልጣል። ካውንስለር የሌለው ትምህርት ቤት ከሆነ ዳይሬክተሩን ወይ ዩኒት ሊደሩን ለምናችሁ አንድ ገጽ ስኩል ፕሮፋይል አሰሩ፣ ስንት ተማሪ እንዳለ፣ ማለፊያው ስንት እንደሆነ፣ ማትሪክ ላይ ስንቱ እንዳለፈ የሚል። ውጤታችሁን ራሳችሁ ወደ 4.0 አትቀይሩት፣ ከ100 እንዳለ ይሂድ።

ሌላው፣ ጋፕ ይር የሚወስዱ (12ኛ ጨርሰው አንድ ዓመት ቆይተው የሚያመለክቱ) ልጆች ማወቅ ያለባቸው ነገር አለ። ዩኒቨርሲቲ ተመድባችሁ ፍሬሽማን ከጀመራችሁ ብዙ ኮሌጆች ትራንስፈር (ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የሚዛወር ተማሪ) ብለው ነው የሚቆጥሯችሁ፣ ለውጭ አገር ትራንስፈር ተማሪ የሚሰጥ ሙሉ ኤይድ ደግሞ በጣም ትንሽ ነው። ከመመዝገባችሁ በፊት ለኮሌጁ ኢሜይል ጽፋችሁ ጠይቁ።

አክቲቪቲ ላይ፣ ከክፍል ውጭ በምትሰሩት ነገር ማለቴ ነው፣ ብዙ አልልም፣ በወረቀት ብቻ ያለ ድርጅት መስራች ከመባል የሰፈር ልጆችን ሁለት ዓመት ሒሳብ ያስጠና ልጅ ይሻላል፣ አስተማሪውም ስለሱ የሚጽፈው ነገር አለው።

እንግዲህ ይሄ ሁሉ ተደምሮ ለአንድ ኮሌጅ 2 ፐርሰንት ዕድል አለኝ ብላችሁ ከገመታችሁ፣ 10 ቦታ ማመልከት 20 ፐርሰንት አያደርገውም። አንዱ ጋ የጣላችሁ ድክመት ሌላውም ጋ ያው ድክመት ነው። ፋይሉን ማጠንከር ነው የሚሻለው። ኒድ አዌር ከሆኑት በጣም የምትወዱትን አንዱን ኧርሊ ዲሲዥን (ቀደም ብሎ ለአንድ ኮሌጅ ብቻ የሚደረግ ማመልከቻ) አድርጉት፣ ከተቀበሉ መግባት ግዴታ ነው፣ ኤይዱ ካልበቃ ግን ይለቋችኋል። ኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ አቡዳቢን እና ከማንም ተማሪ የትምህርት ክፍያ የማይቀበለውን ቤሪያ ኮሌጅን አትርሱ፣ እነሱም ግን ቀላል አይደሉም። እርግጠኛ የምትሉት ቦታ አገር ቤት ያለው ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ስለዚህ ለኤስኤቲ ብላችሁ ማትሪክን አትተዉት። ማመልከቻ ክፍያው ከከበዳችሁ ኮመን አፕ (ለብዙ ኮሌጅ በአንድ ፎርም የሚያመለክቱበት ድረ ገጽ) ላይ ፊ ዌቨር፣ ማለትም ከክፍያ ነጻ መሆን፣ ጠይቁ፣ እንቢ ካለ አድሚሽን ኦፊሱ ጋ በቀጥታ ጻፉ፣ ግን ዴድላይኑ ሳይደርስ።