ስልኩን ከጆሮ ራቅ አድርጉት

ሞባይል ጥገና ስለምሠራ ደንበኞቼ ስልክ ስለሚያወጣው ጨረር ይጠይቁኛል። ረጅም ወሬ ካላችሁ በላውድ ስፒከር ወይም በኢርፎን አውሩ። ጥቂት ሴንቲ ሜትር መራቁ እንኳ ጭንቅላት ላይ የሚያርፈውን ጨረር በጣም ይቀንሰዋል።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ኔትወርኩን ነው። ምድር ቤት ወይም ሊፍት ውስጥ አንድ መስመር ብቻ ሲያሳይ፣ ስልኩ ታወሩ ጋ ለመድረስ ኃይሉን ይጨምራል፤ ጨረሩም አብሮ ይበዛል። ያኔ ወደ መስኮት ጠጋ በሉ፤ ካልሆነም ቴክስት ላኩ።

የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2011 እ.ኤ.አ. ይህን ጨረር «ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል» በሚለው ምድብ አስቀምጦታል። ተረጋግጧል ማለት ግን አይደለም። እኔ ጥንቃቄው ወጪ ስለሌለው እመክራለሁ፣ በተለይ ለልጆች። ጌም ሲጫወቱ ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉላቸው።

ማታ ደግሞ ትራስ ስር አታስገቡት። ቻርጅ ላይ ከሆነማ በፍጹም! ሙቀቱ መውጫ ያጣል።