ቤት ውስጥ ስንሰፋ በትንንሽ ዕቃዎች የምንሠራቸው ስህተቶች

መስከረም ሲጠባ እኛ ቤት ምሽቱ የደብተር መሸፈኛ ነው። ልጆቹ ወለል ላይ ቁጭ ብለው ጋዜጣና ላስቲክ ይዘረጋሉ። አንድ ዓመት እኔ ወጥ ሳማስል ትልቁ ልጄ የስፌት ሣጥኔን ከፍቶ የጨርቅ መቀሴን አወጣ። የሦስቱንም ደብተር ሸፈነበት። በማግስቱ ለእህቴ ልጅ ቀሚስ የገዛሁትን ሳቲን ዘርግቼ መቁረጥ ስጀምር መቀሱ ጨርቁን ያኝከው ገባ። ግማሽ ክንድ ያህል እንደሄደ ጭራሽ አልቆርጥ አለ። ሳቲኑ በሁለቱ ስለት መሃል ታጠፈ፤ ጠርዙም አይጥ የበላው መሰለ።

ከዚያ ወዲህ ለጎረቤትም ለዘመድም ስፌት ሳሳይ አንድ ነገር ደጋግሜ አየሁ። ስፌት አልሆን ሲለን ወይ እጃችንን እንወቅሳለን፣ ወይ የስፌት መኪናውን። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ ያለው ከአንዲት ትንሽ ዕቃ ላይ ነው፤ ወይ ያለ ቦታዋ ገብታለች፣ ወይ ጊዜዋ አልፏል።

በአንድ መቀስ ሁሉን መቁረጥ

ወረቀት ለስላሳ ይመስላል እንጂ ሲመረት የሸክላና የኖራ ዱቄት ይገባበታል። ያ ዱቄት የመቀስን ስለት እንደ ሞረድ ይበላዋል። ስለዚህ ለጨርቅ አንድ፣ ለወረቀትና ለላስቲክ ሌላ መቀስ ይኑራችሁ። እኔ የጨርቁን መቀስ እጀታ ላይ ቀይ ጨርቅ አስሬበታለሁ። አሁን ትንሿ ልጄ እንኳ «ቀዩ አይነካም» ትላለች።

ለጨርቅ ስትገዙ እጀታው ወደ ላይ ጎበጥ ያለውን ምረጡ። የታችኛው ስለት ጠረጴዛው ላይ ተኝቶ ስለሚሄድ ጨርቁ አይነሳም፤ የቆረጣችሁት መስመርም አይዛባም። በግራ እጃችሁ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ የግራኝ መቀስ ፈልጉ። የቀኝ መቀስ በግራ እጅ ሲያዝ ስለቶቹ ይራራቃሉ፤ ላይኛው ስለትም የምትቆርጡበትን መስመር ይጋርድባችኋል። ግራኝ ልጆች «እጅሽ አይሆንም» ተብለው ስፌት ሲተዉ አይቻለሁና ይህ ነገር ያንገበግበኛል።

መርፌ እስኪሰበር መጠበቅ

በቤት ስፌት ውስጥ ትልቁ ስህተት የቱ ነው ብትሉኝ ይሄ ነው የምለው። የመኪና መርፌ ሳይሰበርም ያረጃል። ጫፉ ይዶለዱማል ወይም በዓይን በማይታይ መጠን ይጎብጣል። ያኔ ስፌቱ ይዘላል፣ ጨርቁ ይሸበሸባል፣ ክሩ በየደቂቃው ይበጠሳል። እኛ ደግሞ የክር መወጠሪያውን አንዴ ስናጠብቅ አንዴ ስናላላ እናመሻለን። መኪናው ስምንት ሰዓት ያህል ከሰፋ በኋላ መርፌውን መቀየር ጥሩ ልማድ ነው። ከተጠራጠራችሁ ጫፉን በአሮጌ ስቶኪንግ ላይ አሳልፉት። ክር ከመዘዘ ጣሉት። ጨርቁን ሲወጋ «ጠቅ ጠቅ» የሚል ድምፅ ካወጣም ያው ነው።

ቁጥሩም አለ። ፓኮው ላይ 90/14 የሚል ታያላችሁ። የፊተኛው የአውሮፓ መለኪያ ነው፤ 90 ማለት ውፍረቱ 0.9 ሚሊ ሜትር ነው። የኋለኛው የአሜሪካ ነው። ለሳቲንና ለሺፎን 60 ወይም 70፣ ለተራ ጥጥ 80፣ ለጂንስ 100 ይበቃል። ለቲሸርትና ለሹራብ ጫፉ ድቡልቡል የሆነ መርፌ አለ፤ ክሩን ሳይበጥስ በመሃሉ ሾልኮ ያልፋል። ሹል መርፌ ግን ይበጥሰዋል፤ ከታጠበ በኋላ በስፌቱ ዳር ቀዳዳ ብቅ ይላል።

የሐበሻ ቀሚስ የምትሰፉ ከሆነ እዚህ ላይ ልብ በሉ። የእጅ ሸማ ክሩ ሳሳ ብሎ ነው የሚሸመነው። በጂንስ መርፌ ስትሰፉት ክሮቹን ወዲያና ወዲህ ይገፋቸዋል፤ በስፌቱ ላይ የቀዳዳ መስመር ይቀራል። 70 ወይም 80 አድርጉበት። ጠርዙንም በጥርሳም መቀስ ቆርጣችሁ አትተዉት። ጥርሳሙ መቀስ ጥቅጥቅ ላለ ጨርቅ ያግዛል፤ ሸማ ግን በመጀመሪያው እጥበት ይተረተራል። በመኪናው ዚግዛግ ዳር ዳሩን መያዝ ነው ያለው መፍትሔ።

መርፌ ልትገዙ ስትሄዱ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። የቤት መኪና መርፌ መኪናው ውስጥ የሚገባው የላይኛው ጫፉ በአንድ ጎን ጠፍጣፋ ነው። የልብስ ሰፊዎቹ ትልልቅ መኪኖች መርፌ ግን ብዙውን ጊዜ ድቡልቡል ነው። ሱቅ ውስጥ ጎን ለጎን ይሸጣሉ፤ በሩቁ አይለዩም። በአብዛኞቹ አዳዲስ የቤት መኪኖች ጠፍጣፋው ጎን ወደ ኋላ ይዞራል፤ በአሮጌዎቹ ጥቁር ሲንጀሮች ላይ ግን ወደ ጎን ሊሆን ይችላል። የታችኛው ክር የሚጠቀለልባት ትንሿ ማጠንጠኛም እንዲሁ ናት። በአንድ ሚሊ ሜትር የምትበልጥ ብትገባ ክሩ ከታች ይጠላለፋል።

ከውጭ የመጣን መኪና ሳያነቡ መሰካት

አክስቴ ከአሜሪካ ስትመጣ የራሷን የስፌት መኪና ይዛልኝ መጣች። ሻንጣዋን አስጨንቃ፣ በፎጣ ጠቅልላ። በደስታ የሶኬት መቀየሪያ ገዛሁና ሰካሁት። ፔዳሉን ረገጥ ሳደርገው መኪናው ጮኾ ፈተለከ፤ ቀጥሎ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ።

የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው። የእኛ 220 ነው። የሶኬት መቀየሪያ የብረቱን ቅርፅ ይለውጣል እንጂ ቮልቱን አይቀንስም። ከመሰካታችሁ በፊት ከመኪናው ሥር ወይም ከጀርባው ያለችውን፣ ቮልቱ የተጻፈባትን ትንሽ ሳህን አንብቡ። 120 ብቻ ካለች ትራንስፎርመር ያስፈልጋችኋል፤ ጉልበቱም ሳህኑ ላይ ከተጻፈው ዋት በደንብ የበለጠ ይሁን። ከ100 እስከ 240 ካለች መቀየሪያው ብቻ ይበቃል። ከዱባይ የሚመጣው ብዙ ጊዜ በቮልት ችግር የለበትም፤ ሶኬቱ ብቻ ነው የሚለየው። ውጭ ያላችሁ ዘመዶቻችን፣ መኪና ልትልኩልን ስታስቡ ይህችን ሳህን አስቀድማችሁ እዩልን።

ሜትርና ምልክት

የጨርቅ ሜትር ከብዙ ዓመት አገልግሎት በኋላ ይለጠጣል። ከብረት ሜትር ጋር አስተያዩት፤ በ150 ሳንቲ ላይ ሁለት ሳንቲ ከተለያዩ ሽኙት። ለምልክት ደግሞ አልቆ የሳሳ ነጭ ሳሙና ከብዙ ነገር ይሻላል፣ ታጥቦ ይወጣል። ሰም ያለበት ጠመኔ ግን በካውያ ሲተኮስ ቀልጦ ጨርቁ ውስጥ ይገባል። ነጭ ነጠላ ላይ እስክሪብቶ አታሳርፉ። ይኼን ማለት ያለብኝ አይመስለኝም ነበር፤ ግን አይቻለሁ።

በስፒል ላይ መስፋት

ብዙዎቻችን ጨርቁን በስፒል እናያይዝና ስፒሉን ሳንነቅል እናልፋለን። ዘጠኝ ጊዜ ያልፋል። በአሥረኛው መርፌው ስፒሉን ይመታና ይሰበራል፤ ስባሪው ወደ ፊት ሊፈናጠር ይችላል። ዓይናችሁ ያለው እዚያው ቅርብ ነው። ስፒሉን ከስፌቱ መስመር አግድም ሰክታችሁ የመኪናው እግር ሊደርስበት ሲል ንቀሉት። ራሱ ላስቲክ የሆነ ስፒል ከካውያ ሥር ይቀልጣል፤ ራሱ መስታወት የሆነው ግን ችግር የለውም።

በምላጭ መተርተር

እናቶቻችን በምላጭ ይተረትሩ ነበር። እጃቸው የተካነ ነው፤ እንዲያም ሆኖ ስንቱ ጨርቅ ተቀዷል። የስፌት መተርተሪያ ርካሽ ናት። ሁለት ጫፍ አላት፤ አንዱ ረዥምና ሹል፣ ሌላው አጭርና በቀይ ጠብታ የተሸፈነ። ስለቷ በሁለቱ መሃል ነው። ሹሉን ጫፍ በየአራት አምስት ስፌቱ አስገብታችሁ ክሩን ቁረጡ፤ ከዚያ በሌላ በኩል ያለው ክር ተስቦ ይወጣል። ቀዩ ጠብታ ጨርቁን እንዳትወጋ ነው የተቀመጠው።

የቁልፍ ቀዳዳ ስትከፍቱ ደግሞ አንድ ነገር አድርጉ። በቀዳዳው መጨረሻ፣ ከዳሩ ስፌት ትንሽ ቀደም ብሎ ስፒል አግድም ስኩ። መተርተሪያዋን ከወዲያኛው ጫፍ ወደ ስፒሉ ግፉ። እጃችሁ ቢያመልጥ እንኳ ስለቷ ስፒሉ ላይ ትቆማለች። ያለ ስፒል የተከፈተ ሸሚዝ እስከ ደረቱ ሲሰነጠቅ አይቻለሁ። ልብሱ አልቆ፣ ተተኩሶ፣ የቀረው ቁልፍ ብቻ ነበር።

የምግብ ዘይት

መኪናው ሲያንገጫግጭ ወደ ማድቤት አትሩጡ። የምግብ ዘይት ውሎ አድሮ ወደ ሙጫነት ይለወጣል፣ መኪናውንም ያስረዋል። ንጹሕ የስፌት መኪና ዘይት ጥቂት ጠብታ ይበቃል። ከዚያ በፊት ግን ከታች ያለውን ሽፋን ከፍታችሁ የተከማቸውን የጨርቅ ብናኝ በትንሽ ብሩሽ ጥረጉ። አንዳንዴ የዘይት የሚመስለው ችግር የብናኝ ሆኖ ይገኛል። ዘይት ከሰጣችሁ በኋላ ውዳቂ ጨርቅ ላይ ስፉ፤ አለበለዚያ ጠብታው ቀሚሱ ላይ ያርፋል።

ካውያን ለመጨረሻ ማቆየት

ካውያ የስፌት ዕቃ ነው ስል የሚገረም አይጠፋም። ግን የቤት ስፌትንና የጥሩ ልብስ ሰፊን ሥራ በዋናነት የሚለየው ይኼ ነው። እያንዳንዱ ስፌት ሌላው ሳይሻገርበት መተኮስ አለበት። መጀመሪያ እንደተሰፋ ተኝቶ ይተኮሳል፤ ከዚያ ተከፍቶ ወዲያና ወዲህ ይተኮሳል። ከተጠናቀቀ በኋላ የምትተኩሱት ልብስ ውስጡ እንደተሸበሸበ ይቀራል፤ እጅጌው ትከሻ ላይ የሚሸበሸበው ለዚህ ነው። ካውያውንም አትጎትቱት፤ አንሱና አስቀምጡ። ጉተታ ጨርቁን በተለይ ጥምዝ በተቆረጠበት በኩል ይለጥጠዋል።

ጥበቡን ከፊት በኩል አትተኩሱት። ገልብጣችሁ፣ ከሥሩ ፎጣ አንጥፋችሁ፣ ከላይ ስስ ጨርቅ አድርጋችሁ ተኩሱት። ጥልፉ ፎጣው ውስጥ ገብቶ ስለሚያርፍ አይጨፈለቅም። ስታዞሩት ክሩ እንደነበረው ቀና ብሎ ታገኙታላችሁ።