ለአነስተኛ የገንዘብ ድጋፍ የሚያመለክቱ የወሎ አገር በቀል ድርጅቶች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የማኅበረሰብ ፋውንዴሽን የሚሰጠው ገንዘብ ከሌላው ድጋፍ የሚለየው በምንጩ ቅርበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1914 በአሜሪካዋ ክሊቭላንድ ከተማ የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ተቋም ሲመሠረት፣ ነዋሪዎች በስጦታና በኑዛዜ የሚተዉት ሀብት በአንድ ቋት ተጠብቆ፣ የሚያስገኘው ገቢ በዚያው ከተማ ለሚከናወኑ የበጎ አድራጎት ሥራዎች እንዲውል ታስቦ ነበር። ዋናው ገንዘብ ተቀምጦ ትርፉ የሚከፋፈልበት አሠራር ለእኛ አዲስ ቢመስልም፣ ጎረቤት አዋጥቶ ለጎረቤት መድረሱ ግን በወሎ የኖረ ነው፤ ቅሬ (በወሎ ዕድር የሚጠራበት ስም) ያለው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በቅሬ ገንዘብ ያዋጣ ሰው ገንዘቡ የት እንደደረሰ በዓይኑ ያያል፤ ሒሳብ ያዡንም በማግስቱ ገበያ ላይ ያገኘዋል።

በደሴና በአካባቢዋ የአነስተኛ ድጋፍ ማመልከቻዎችን በሚመረምሩ ኮሚቴዎች ውስጥ ተቀምጬ ብዙ ፕሮፖዛል አንብቤአለሁ። ጥሩ ሥራ የሚሠሩ ማኅበራት በጽሑፋቸው ምክንያት ሲወድቁ ማየት ከባድ ነው። የአብዛኞቹ ስህተት ሥሩ አንድ ይመስለኛል፤ ገንዘቡ የመጣው ከቅርብ ሰው፣ ከኮምቦልቻ ነጋዴ ወይም በዐረብ አገር በሰው ቤት ሠርታ ከላከች የአካባቢው ልጅ ሆኖ ሳለ፣ ፕሮፖዛሉ የሚጻፈው ወሎን አይቶ ለማያውቅ ሩቅ ለጋሽ ነው። ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶች በዚህ ዓይን ቢታዩ መነሻቸው ይገለጣል።

የቀበሌውን ችግር ትቶ የወሎን መከራ መተረክ

ስፍር ቁጥር የሌላቸው ማመልከቻዎች የሚጀምሩት በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ነው። የመጀመሪያው የንጉሡን መንግሥት ካናጉት ምክንያቶች አንዱ መሆኑ፣ በሁለተኛውም ጊዜ በወቅቱ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ከቆረም የወጡት ምስሎች ዓለምን ማንቀሳቀሳቸው እውነት ነው። ነገር ግን ያ ታሪክ በአንድ የደሴ ቀበሌ ያሉ አሥራ ሁለት አረጋውያን ዛሬ ለምን ጧሪ እንዳጡ አያስረዳም። ከዚህም በላይ በእነዚያ ዓመታት የሞቱት አያቶቻችንና ወላጆቻችን ናቸው፤ ሞታቸው ለወንበርና ጠረጴዛ መግዣ የሚጠየቅ ገንዘብ መግቢያ ሆኖ ሲቀርብ ማንበብ ያሳዝነኛል።

መርማሪው ኮሚቴ የወሎ ሰው ነው፤ ወሎን ሊያስተዋውቁት አይገባም። እርሱ ማወቅ የሚፈልገው የተጠቀሰው መንደር የት እንደሆነ፣ ስንት አባወራና እማወራ እንደሚኖርበት፣ ውኃ ቀጂዎቹ ስንት ሰዓት እንደሚሄዱ፣ ይህንንም አመልካቹ በምን እንዳወቀው ነው። «ከቅሬው ዳኛና ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ሆነን ቤት ለቤት ቆጥረን 37 ቤት አገኘን» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ከሦስት ገጽ ታሪክ ይበልጣል። የተጠቃሚውን ቁጥር ማጋነንም ከዚሁ ይመደባል። 37 ቤት ላይ የሚሠራ ማኅበር «በተዘዋዋሪ 5,000 ሰው ይጠቀማል» ብሎ ሲጽፍ፣ አንባቢው 37ቱንም መጠራጠር ይጀምራል።

ሕጋዊ ሰውነትን በመጨረሻው ቀን መፈተሽ

የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶችን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ቀድሞ የነበረውን አዋጅ ቁጥር 621/2001 ተክቶ በሥራ ላይ ውሏል። ዕድርን፣ ዕቁብንና የሃይማኖት ተቋማትን ግን አይመለከትም። ሥራው በአንድ ክልል ብቻ የተወሰነ ድርጅት የሚመዘገበውም በክልሉ ሕግ ነው። ይህን ባለማወቅ ማስታወቂያው የሚጠይቀውን ዓይነት ምዝገባ ሳይኖራቸው ሳምንታት ደክመው የሚያመለክቱ አሉ። ቅሬም ቢሆን ሥራው እጅግ የተመሰገነ ሆኖ ሳለ እንደ ድርጅት ውል ለመፈረም ይቸግረው ይሆናል፤ ይህ ሲያጋጥም ከተመዘገበ ማኅበር ጋር በጽሑፍ ተዋውሎ፣ ገንዘቡን ማን እንደሚይዝና ውሳኔውን ማን እንደሚሰጥ ለይቶ በጋራ ማመልከት ይቻላል። በቃል ብቻ የተደረገ ስምምነት ገንዘቡ ሲመጣ የሚያጣላ ነው።

የባንክ ሒሳቡ በድርጅቱ ስም መሆኑንና ፈራሚዎቹ ዛሬም በኃላፊነት ላይ ያሉ ሰዎች መሆናቸውን ማረጋገጥ አንድ ቀን አይፈጅም። ከሁለት ዓመት በፊት ከቦርዱ የወጣ ሰው አሁንም ፈራሚ ሆኖ መገኘቱ ግን የጸደቀ ድጋፍ ለወራት እንዲቆም ያደርጋል።

የአስተዳደር ወጪን መደበቅ

በዚህ ስህተት ላይ ረዘም አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም የሚፈጸመው በቅንነት ነው። ብዙ ማኅበራት በጀታቸው ላይ ከአስተዳደር ወጪ ትይዩ ዜሮ ይጽፋሉ፤ «ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ለተጠቃሚው ይውላል» የሚለው ቃል ኮሚቴውን ደስ የሚያሰኝ ይመስላቸዋል። ነገር ግን የቢሮ ኪራይ አለ፤ ሒሳብ የምትይዘው ልጅ ደመወዝ አላት፤ ወደ ለጋምቦ ወይም ወደ ወረኢሉ ለክትትል የሚሄድ ሰው የትራንስፖርት ገንዘብ ይከፍላል። እነዚህ ወጪዎች በበጀቱ ላይ ባይጻፉም ከአንድ ቦታ መከፈላቸው አይቀርም፤ የሚከፈሉትም ወይ ከሥራ አስኪያጁ ኪስ ነው፣ ወይ «ለሥልጠና» ከተባለው ገንዘብ ተሸርፈው ነው። ሁለተኛው መንገድ ሐቀኛውን ሰው ሳያስበው የሐሰት ሰነድ አዘጋጅ ያደርገዋል።

አዋጅ ቁጥር 1113/2011 በሥሩ ለተመዘገቡ ድርጅቶች የአስተዳደር ወጪን ጨርሶ አልከለከለም፤ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ነው የወሰነው። ስለዚህ ከዚህ ጣሪያ በታች ሆኖ፣ እያንዳንዱ ወጪ ለምን እንደሚያስፈልግ በአንድ መስመር እያስረዱ በግልጽ መጻፍ ይገባል። እኔ በበኩሌ ዜሮ የተጻፈበትን በጀት ሳይ የምጠይቀው ጥያቄ 15 በመቶ ከተጻፈበት ይልቅ ይበዛል።

ዋጋን በግምት መጻፍና ግብርን መርሳት

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ አንድ የአሜሪካ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ መድረሱን ሁላችንም እናስታውሳለን። ከውጭ የሚገባ ዕቃ ለመግዛት ያቀደ ሰው አምና የሰበሰበውን ፕሮፎርማ (ሻጭ አስቀድሞ የሚሰጠውን የዋጋ ማቅረቢያ) ይዞ ዘንድሮ ማመልከት የለበትም። ፕሮፎርማው ተጨማሪ እሴት ታክስን ይጨምር እንደሆነ ማየትም ግድ ነው፤ ከታክስ በፊት 200,000 ብር የተባለ ዕቃ 15 በመቶው ሲታከልበት 230,000 ብር ይሆናል፤ ያልታሰበውን 30,000 ብር የሚሸፍን ደግሞ ማንም የለም። ደመወዝ ላይ አሠሪው የሚከፍለው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮም እንዲሁ ይረሳል፤ በወር 8,000 ብር ለሚከፈለው አንድ ሠራተኛ በዓመት 10,560 ብር ማለት ነው።

የወሎን ወቅት ሳያገናዝቡ የሥራ መርሐ ግብር ማውጣት

በደላንታ፣ በዋድላና በለጋምቦ ደጋማ ቀበሌዎች ብዙ ገበሬ የሚተማመነው በበልግ ነው። ለበልግ የሚዘራ ዘር ቢዘገይ በመጋቢት ገበሬው እጅ መግባት ይኖርበታል። ማመልከቻው በጥር ቀርቦ፣ በየካቲት ተመርምሮ፣ ውሉ በመጋቢት መጨረሻ ቢፈረምና ገንዘቡ በግንቦት ቢለቀቅ፣ ዘሩ የሚደርሰው ዝናቡ ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ ለበልግ የሚያስብ ሰው ማመልከት ያለበት ከመኸሩ አዝመራ በፊት ነው፤ ይህ ካልተቻለ ደግሞ ዕቅዱን ለክረምት እርሻ ማዞር ይሻላል።

የሥልጠና ቀንም ሲመረጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ባቲ ላይ ሰኞ ቀን ሥልጠና የጠራ ሰው አዳራሹን ባዶ ያገኘዋል፤ የባቲ ገበያ ሰኞ ነው። በመስከረም 21 ቀን ሰሞን ከአምባሰልና ከዙሪያዋ ብዙ ምእመን ወደ ግሸን ማርያም ይጓዛል። ረመዳን ደግሞ በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ያህል እየቀደመ ስለሚመጣ፣ ያለፈውን ዓመት መርሐ ግብር ቀን ብቻ ቀይሮ ማቅረብ አያዋጣም። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ግቢ በሚኖርበት አገር ሁለቱንም የጾምና የበዓል አቆጣጠር ጎን ለጎን ዘርግቶ ማየት ለማንም አዲስ ትምህርት አይደለም፤ ፕሮፖዛል ላይ ሲደረስ ግን ይዘነጋል።

ዝምድናን አለመግለጽ

ከተማችን ትንሽ ናት። ከኮሚቴው አባላት አንዱ የአመልካቹ አጎት፣ የቅሬ ባልደረባ ወይም የልጁ የክርስትና አባት ሆኖ መገኘቱ አያስገርምም፤ በራሱም ጥፋት አይደለም። ጥፋት የሚሆነው ሲደበቅ ነው። አመልካቹ ግንኙነቱን በማመልከቻው ላይ ቢጽፍ፣ የኮሚቴው አባልም ያ ማመልከቻ በሚታይበት ጊዜ ከክፍሉ ቢወጣና መውጣቱ በቃለ ጉባዔ ቢመዘገብ፣ ድጋፉ ለዘመድ ተሰጠ የሚል ሐሜት የሚቆምበት እግር አያገኝም። ይህ ሳይደረግ ቀርቶ በትክክል የተሰጠ ድጋፍ እንኳ ስሙ ሲጠፋ አይቻለሁ፤ ከዚያ በኋላ ለቋቱ ያዋጡ የነበሩ ሰዎች ሲለመኑ ፊታቸውን አዞሩ።

ደረሰኝ ለሌለው ግዢ አስቀድሞ አለመዘጋጀት

ለእማወራዎች በግ ገዝቶ የሚያከፋፍል ማኅበር ከገበሬ እንጂ ከሱቅ አይገዛም፤ ገበሬው ደግሞ ደረሰኝ የለውም። ብዙዎች ችግሩን የሚያስታውሱት ኦዲተሩ በር ላይ ሲደርስ ነው፤ ያን ጊዜም ከአንድ ነጋዴ ለመላው ግዢ ደረሰኝ ለማሠራት ይሞክራሉ። ይህ ሕገ ወጥ ነው፤ የተገዙት በጎች እውነተኛ መሆናቸውም አያድነውም። መፍትሔው ቀላል ነበር። ውሉ ከመፈረሙ በፊት ከፋውንዴሽኑ ጋር በጽሑፍ ተስማምቶ፣ ከማኅበሩ፣ ከተጠቃሚዎችና ከቀበሌው የተውጣጣ ሦስት ሰው ያለበት የግዢ ኮሚቴ ማቋቋም፣ በገበያው ዕለት የሻጩን ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ የበጉን ዕድሜና ዋጋ በመክፈያ ሰነድ ላይ መዝግቦ ማስፈረም፣ መጻፍ ለማይችለውም የጣት አሻራ መውሰድ ይበቃል።

የሰነድ ቅጂን በአንድ ክፍል ብቻ ማስቀመጥም አደጋ አለው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ቢሮዎች ሲዘረፉ የዓመታት መዝገብ ጠፍቷል። በስልክ ተነሥቶ ሌላ ከተማ ለሚኖር የቦርድ አባል በየወሩ የሚላክ የደረሰኝ ፎቶ ግራፍ ምንም ወጪ የለውም።

ለውጥን እስከ ሪፖርቱ ቀን መደበቅ

ዕቅድ ይለወጣል፤ መንገድ ይዘጋል፣ ዋጋ ይንራል፣ የታሰበው ቀበሌ በሌላ ድርጅት ተይዞ ይገኛል። ለውጡ በታወቀበት ሳምንት ደብዳቤ የጻፈ ማኅበር አብዛኛውን ጊዜ ፈቃድ ያገኛል። ገንዘቡን በራሱ ውሳኔ ወደ ሌላ አዙሮ በመጨረሻው ሪፖርት ላይ ያስታወቀ ማኅበር ግን፣ የሠራው ሥራ ጥሩ ቢሆን እንኳ፣ ገንዘቡን እንዲመልስ ሊጠየቅ ይችላል።

የሰጪው ወገን ስህተቶች

ስለ አመልካቾች ብቻ ተናግሮ ማቆም ፍትሐዊ አይሆንም። ትናንት ለተቋቋመ የወጣቶች ማኅበር የሦስት ዓመት የኦዲት ሪፖርት መጠየቅ በሩን መዝጋት ነው፤ በምትኩ አነስ ያለ ገንዘብ በሁለት ዙር ሰጥቶ የመጀመሪያውን አያያዝ ማየት ይቻላል። የ50,000 ብር ድጋፍ የ2,000,000 ብር ያህል ሪፖርት ሊጠየቅበት አይገባም። የማመልከቻው ቅጽ በእንግሊዝኛ መዘጋጀቱም የሥራውን ችሎታ ሳይሆን የተርጓሚውን ችሎታ ያወዳድራል፤ በአማርኛ፣ ለከሚሴና ለአካባቢዋም በኦሮምኛ ማዘጋጀት የፋውንዴሽኑ ኃላፊነት ነው። ለወደቀ አመልካችም ምክንያቱን በሁለት መስመር አለመጻፍ ያው ስህተት በሚቀጥለው ዓመት እንዲደገም ያደርጋል።

በጀቱን ለተጠቃሚው አለማሳወቅ

ከሁሉ ይበልጥ የምቆረቆርለት ይህ ነው። በስማቸው ገንዘብ የመጣላቸው እናቶች ስንት እንደመጣ የሚሰሙት ብዙ ጊዜ ከወሬ ነው፤ ወሬው ደግሞ ቁጥሩን አሥር እጥፍ ያደርገዋል። የጸደቀውን በጀት በአንድ ገጽ በቀላል አማርኛ ጽፎ፣ ገበያ በሌለበት ቀን፣ ቅሬው በሚሰበሰብበት ቦታ ማንበብ ግማሽ ቀን ይወስዳል። ለበግ ስንት፣ ለመድኃኒት ስንት፣ ለሠራተኛ ደመወዝ ስንት፣ ለቢሮ ኪራይ ስንት እንደተያዘ አንድ በአንድ ይነበብ፤ ጥያቄዎቹም ከነመልሳቸው ተጽፈው ከመጀመሪያው የሥራ ሪፖርት ጋር ለፋውንዴሽኑ ይላኩ። ሥራው ሲያልቅም በዚያው ቦታ፣ ለእነዚያው ሰዎች፣ በዕቅዱ ትይዩ በተግባር የወጣው ገንዘብ ይነበብላቸው።