የጎንደር የሥነ ምግብ ባለሙያ ደመወዙንና ዕድገቱን የሚያጣባቸው ስህተቶች

በጎንደርና በዙሪያዋ ለሥነ ምግብ ባለሙያ የሚሆን ሥራ አለ። የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ከሩቅ ዞኖች የሚላኩ ሕሙማንን ይቀበላል። ከመተማ እርሻዎች በካላዛር (በአሸዋ ዝንብ በሚተላለፍ በሽታ) ተይዘው የሚመጡ የቀን ሠራተኞች አብዛኞቹ ሰውነታቸው አልቆ ነው የሚደርሱት። በዳባት በኩል የአለምዋጭ የስደተኞች መጠለያ አለ። የመንግሥት የደመወዝ ስኬል ዝቅተኛ መሆኑ አያከራክርም። ያም ሆኖ በባለሙያው እጅ ያሉና በየዓመቱ ገንዘብ የሚያስቀሩ ስህተቶች አሉ፤ ብዙዎቹ የሚመነጩት የሠሩትን በጽሑፍ ካለማስቀረት ነው።

ሠርቶ አለመመዝገብ

ከሁሉ የሚከፋው ይህ ነው። በሲቪ ላይ «በሕፃናት ክፍል ለሦስት ዓመት አገልግያለሁ» የሚል አንድ መስመር ለቀጣሪ የሚነግረው ነገር የለም። በከፍተኛ የምግብ እጥረት የተኙ ሕፃናትን የሚከታተል ባለሙያ በየወሩ አንድ ገጽ ይሙላ፦ ስንት ሕፃን ገባ፣ ስንቱ ድኖ ወጣ፣ ስንቱ ሞተ፣ ስንቱ ሕክምናውን አቋረጠ። ስም አይጻፍ፤ ቁጥሩ ይበቃል። ከዚያ ውጤቱን ከስፌር (ዓለም አቀፍ የሰብአዊ ዕርዳታ) መለኪያ ጋር ያስተያዩት፤ የዳኑት ከ75 በመቶ በላይ፣ የሞቱት ከ10 በመቶ በታች፣ ያቋረጡት ከ15 በመቶ በታች መሆን አለባቸው። የዕርዳታ ድርጅቶች ፕሮግራማቸውን የሚመዝኑት በእነዚህ ቁጥሮች ስለሆነ በቃለ መጠይቅ ላይ በቁጥር የሚመልስ ሰው ወዲያው ይለያል።

የክብደት ጭማሪም መመዝገብ አለበት። ስሌቱ ቀላል ነው፦ የተጨመረውን ክብደት በግራም ይውሰዱ፣ በመነሻው ክብደት በኪሎ ያካፍሉ፣ የተገኘውን ደግሞ በቀናቱ ብዛት ያካፍሉ። በማገገሚያው ደረጃ 6 ኪሎ የነበረ ሕፃን በ15 ቀን 6.9 ኪሎ ከደረሰ 900 ለ6፣ ከዚያ ለ15 ሲካፈል በቀን በኪሎ 10 ግራም ይሆናል። ይህ ጥሩ ውጤት ነው። ከ5 በታች ከሆነ ግን ምክንያቱን መፈለግ ግድ ይላል፤ የሕክምናው ወተት በትክክል አልተበጠበጠ ይሆናል፣ የሌሊቱ ምግብ ተዘልሎ ይሆናል፣ ወይም ያልታከመ ኢንፌክሽን አለ። ምክንያቱን አግኝተው ያስተካከሉበትን ቀንና ያደረጉትን ለውጥ ጨምረው ይጻፉ፤ ለደረጃ ዕድገት የሚቀርብ ማስረጃ እንዲህ ያለው ነው።

የሕሙማን ካርድ ላይ ያለመጻፍ ልማድም የዚሁ አካል ነው። «ኤፍ-75 ይሰጠው» (ለማረጋጊያው ደረጃ የሚሰጠው ቀለል ያለ የሕክምና ወተት) ብሎ በቃል ነግሮ መሄድ አደጋ አለው፤ ተረኛው ነርስ ለማገገሚያ የሚሰጠውን ኃይለኛውን ኤፍ-100 ቢሰጥ ገና ያልተረጋጋ ሕፃን ልቡ ሊደክም ይችላል። መጠኑ ይጻፍ፦ ከባድ እብጠት ለሌለው በቀን በኪሎ 130 ሚሊ፣ ከባድ እብጠት ላለው 100 ሚሊ፣ በስንት ሰዓቱ እንደሚሰጥ ጭምር። ሐኪሞች የሥነ ምግብ ባለሙያን ምክር መጠየቅ የሚጀምሩት ካርዱ ላይ ፊርማውን ደጋግመው ሲያዩ ነው።

ያልተጣራውን ደመወዝ ብቻ ማየት

በሐምሌ 2017 የጸደቀው የገቢ ግብር ማሻሻያ ከ14,000 ብር በላይ ባለው ደመወዝ ላይ 35 በመቶ ያስከፍላል። በዚያ ላይ የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ ነው። ስለዚህ ከ14,000 በላይ ከሚጨመር እያንዳንዱ 100 ብር እጅዎ ላይ የሚደርሰው 58 ብር ነው።

ሁለት የሥራ ጥሪዎች አሉ እንበል። አንዱ ቋሚ፣ 20,000 ብር፤ ሌላው የዘጠኝ ወር የፕሮጀክት ውል፣ 26,000 ብር። ከ20,000 ላይ ግብር 4,950፣ ጡረታ 1,400 ተቆርጦ 13,650 ይደርሳል። ከ26,000 ላይ ግብር 7,050፣ ጡረታ 1,820 ሄዶ 17,130 ይቀራል። ልዩነቱ 6,000 ይመስል የነበረው 3,480 ሆነ። ውሉ ሲያልቅ ሦስት ወር ሥራ ቢፈልጉ ደግሞ የዓመቱ ድምር 154,170 ነው፤ የቋሚው 163,800። የፕሮጀክት ሥራ አይያዝ ማለት አይደለም፤ የሥራ ልምዱ ዋጋ አለው። ነገር ግን የአሜሪካው የዕርዳታ ድርጅት ዩኤስኤአይዲ በ2017 ሲዘጋ ስንት ውል ከጊዜው በፊት እንደተቋረጠ ያየ ሰው ሳይጠይቅ አይፈርም። ከመፈረምዎ በፊት ገንዘቡ ከማን እንደሚመጣና መቼ እንደሚያልቅ፣ ከተባለው ውስጥ መሠረታዊ ደመወዙ ስንት እንደሆነ፣ ውሎ አበልና የሕክምና ወጪ በውሉ ላይ መጻፉን ይጠይቁ። ጡረታ የሚሰላው በመሠረታዊ ደመወዝ ላይ ስለሆነ በአበል የተሞላ ክፍያ ዛሬ ቢያስደስትም የነገውን ጡረታ ያሳንሳል።

ሰርተፍኬት ማከማቸት

የሙያ ፈቃድ እድሳት ከተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ነጥብ ጋር ስለተያያዘ ብዙዎች በመጨረሻው ወር የተገኘውን ሥልጠና ሁሉ ይወስዳሉ። ነጥቡ ይሞላል፣ ችሎታው ግን ያው ነው። ይልቅ በዓመት አንድ የሚሸጥ ችሎታ ይምረጡ። በማኅበረሰብ ሥራ ላይ ላለ ሰው የስማርት ጥናት (የማኅበረሰብ የምግብ እጥረት ዳሰሳ) አሠራርና መረጃውን የሚተነትነው ኢኤንኤ የተባለ ሶፍትዌር፣ ኮቦ (KoBo) በተባለው የመረጃ መሰብሰቢያ መሣሪያ መጠይቅ ማዘጋጀትና ኤክሴል ደመወዝ ያስጨምራሉ። በሆስፒታል ላለ ደግሞ የኩላሊት፣ የስኳርና በቱቦ የሚሰጥ ምግብ። ማስተርስ ሲያስቡም እንዲሁ ነው፦ ወረዳ ላይ በሰቆጣ ቃል ኪዳን (የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት በተያዘው የመንግሥት ፕሮግራም) ዓይነት ከግብርናና ከውሃ ጋር የሚጣመር ሥራ የሚፈልግ ሰው ክሊኒካል (የሕሙማን) ሥነ ምግብ ቢማር፣ ወይም አልጋ አጠገብ መሥራት የሚወድ የፕሮግራም አስተዳደር ቢማር፣ ሁለት ዓመት ባክኖ ይቀራል።

የግል ምክር ሲጀምሩ የተቀዳ ዝርዝር መስጠት

የሙያ ፈቃድ የግለሰብ ነው፤ የተቋም ብቃት ማረጋገጫና የንግድ ፈቃድ ለየብቻ ይወጣሉ፣ እነሱን ሳይዙ ቢሮ መከራየት ኪራይ ማቃጠል ነው። ደንበኛ የሚሸሸው ግን በሌላ ምክንያት ነው፦ ከኢንተርኔት የተቀዳ፣ ለቁርስ እንቁላልና እርጎ የሚል ወረቀት በሁዳዴ ይሰጠዋል። የጎንደር ደንበኛ ብዙው ረቡዕና ዓርብን ጨምሮ ይጾማል። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበላ ቢቆይ ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ስለሚችል ጾሙ ከመግባቱ በፊት ከሐኪሙ ጋር መነጋገር አለበት፤ ይህን ቀድሞ የሚያነሳ ባለሙያ ይታመናል። የጾም ዕቅድ ከፍስክ ዕቅድ ለብቻ ይዘጋጅ፤ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ የእንጀራው መጠን ጭምር ይጻፍ። ቡናና ሻይ ከምግብ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይራቁ፣ ብረት እንዳይመጠጥ ያግዳሉና። ክፍያውን ለአንድ ቀን ምክር ከመተመን የመጀመሪያውን ምርመራና ሁለት ክትትል በአንድ ዋጋ ማሰር ይሻላል፤ ለውጥ የሚታየው በክትትሉ ነው።

ወደ ውጭ መሄድን ዘግይቶ ማሰብ

በአሜሪካ ከጃንዋሪ 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለምዝገባ ፈተና ለመቀመጥ ማስተርስ ያስፈልጋል፣ ቢያንስ 1,000 ሰዓት በክትትል የተሠራ ልምምድም ይጠየቃል። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ማስረጃን ዳታፍሎው በተባለው የማስረጃ አጣሪ ድርጅት በኩል ከሰጪው ተቋም ያረጋግጣሉ። ስለዚህ ገና ተማሪ ሳሉ የልምምድ ሰዓትዎን በክፍል በክፍል ለይተው በተቆጣጣሪ ያስፈርሙ፤ ሲመረቁ የእያንዳንዱን ኮርስ መግለጫ ማኅተም አስመትተው ይውሰዱ። ከዓመታት በኋላ አስተማሪው ሲቀየር፣ ሥርዓተ ትምህርቱ ሲሻሻል ያንን ወረቀት ማስወጣት ወራት ይፈጃል።